ስድስተኛው መልስ

በ1997 ዓ.ም. ክረምት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሞጣ ውስጥ አንዲት የሞተች ሴት ቤት እየሄድሁ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሴትዮዋ መሞቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት ብዬ አምን ነበር።

ያን ዓመት ቢቸና ላይ አምስተኛ ክፍልን ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። እናቴ አራስ ስለነበረች፣ አባቴ ክረምቱን ከአክስቴ ከየትናየት ጋር እንዳሳልፍ በደብረ ወርቅ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ሞጣ ላከኝ። የውጤት ካርዴን ዝናብ እንዳያገኘው በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን ደግሞ ከሹራቤ ሥር ደብቄ ተጓዝሁ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ስትሠራ ካርዴን ከመስታወቱ ጎን ሰቅላ፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ታሳይ ነበር።

አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ረጅም ሰው ካርዱን አተኩሮ ተመለከተው። ታዘበው ይባላል፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ እየተመላለሰ የሰው ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ነበር።

“የማን ልጅ ናት?”

“የእህቴ ናት፤ የቢቸናዋ። እስቲ እንግሊዝኛዋን እይልኝ፣ ዘጠና ስምንት!”

“ሁለቷን ማን በላት?”

“መምህሩ ናቸዋ! እሳቸውስ ባዶ እጃቸውን ይቅሩ?” አለች አክስቴ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ታዘበው ስቆ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። የሟች ወንድሙ ልጅ፣ ባንቺዓለም የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ እንዳለችው ነገረኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊቀበላት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ፈረንጆች በእንግሊዝኛ ይጠይቋታል። ጥያቄዎቹ አሥር ናቸው፤ መልሶቹም አሥር። ሳትደናቀፍ እንድትመልስ ካደረግኋት ጠንካራ ልባስ ያለው መዝገበ ቃላት ከባሕር ዳር እንደሚያመጣልኝ ማለልኝ።

ሞጣ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር አልጠፋም ነበር። ታዘበው ወደ መምህር ያልሄደበትን ምክንያት ዛሬ አውቀዋለሁ፤ መምህር ስድስተኛውን መልስ አንብቦ ዝም አይልም ነበር። ያን ጊዜ ግን የተመረጥሁት በካርዴ ምክንያት መሰለኝና ሌሊቱን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ልሄድ ስነሣ አክስቴ እጄን ያዘችኝ። “ስሚኝ፤ ከዚያ ቤት ውኃ እንኳ እንዳትቀምሽ። ከእጇ ምንም እንዳትቀበይ።”

“ከማን እጅ?”

“ከእናትዬዋ።”

“ለምን አክስቴ?”

“ለምን አይባልም።”

ደብተሬን ይዤ ከአጥሩ ሳልወጣ አንዲት ደንበኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰማኋት። “ባሏን ከቀበረች ስድስት ወር አልሞላት። እሷስ እንዴት ናት?”

“እሷማ የሞተች ናት” አለች አክስቴ። “የቀራት መቀበር ብቻ ነው።”

ቤቱ ከዘይዳ ሱቅ ጀርባ ነበር። ዘይዳ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ የአባቷን ሱቅ የምትጠብቅ ወጣት ናት። ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ቀጭን መንገድ በጣቷ አሳየችኝ። በግራና በቀኝ ባሕር ዛፍ ቆሞበታል፤ ጉሙ ዝቅ ብሎ ስለነበር ከግንዶቹ በቀር የሚታይ አልነበረም። በሩን ከፍታ የተቀበለችኝ ባንቺዓለም ራሷ ናት። ቤቱ መስኮት የለውም። በማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደች አንዲት ጓዳ አለች። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚንጠባጠበው ዝናብ ከመሬቱ መካከል ወደ ተቀመጠ ጣሳ ይወርዳል፤ ጠብታው ባረፈ ቁጥር ልጅቷ ዓይኗን ታርገበግባለች።

ታዘበው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የገለበጠውን ደብተር ገለጥሁ። ስምሽ ማን ነው፣ ስንት ዓመትሽ ነው፣ የት ነው የምትኖሪው፣ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው። አምስተኛው ጥያቄ ስለ አባቷ ነበር፤ መልሱ “ማይ ፋዘር ኢዝ ዴድ” ይላል፣ አባቴ ሞቷል። ስድስተኛው ስለ እናቷ ነበር፤ መልሱ “ማይ ማዘር ኢዝ ዴድ” ይላል፣ እናቴ ሞታለች።

አንባቢ ይህን እንዲረዳልኝ እሻለሁ። እኔ ያን ጊዜ በደብተር ላይ የሰፈረ ዓረፍተ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። የመማሪያ መጽሐፋችን “ቶላ ሁለት ላሞች አሉት” ሲል፣ አንድ ቦታ ቶላ የሚባል ሰው ሁለት ላሞቹን ይዞ ቆሟል ማለት ነበር። ለሰዋስው መለማመጃ ተብሎ የሚጻፍ፣ እውነትም ሐሰትም ያልሆነ ነገር መኖሩን የተማርሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ለመዋሸት ተብሎ የሚጻፍ መልመጃ መኖሩን ደግሞ ከዚያም በኋላ።

“በይ ከእኔ ቀጥለሽ በይ” አልኋት። “ማይ ማዘር ኢዝ ዴድ።”

ባንቺዓለም ዓይኗን ጨፍና ደገመችው። ጣሳው ውስጥ አንድ ጠብታ ወረደ። ከዚያ ከጆንያው በስተጀርባ ሌላ ድምፅ፣ ከትንፋሽ እምብዛም ያልበለጠ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ ተናገረው።

ጆንያው ተገለጠ። ራሷን የተላጨች፣ እስከ ጉልበቷ የሚወርድ የወንድ ካፖርት የለበሰች ሴት ወጣች። የካፖርቱ እጅጌ እጆቿን ውጧቸዋል። በባዶ እግሯ በተለቀለቀው መሬት ላይ ስትራመድ ድምፅ አልነበራትም።

“እማ” አለች ባንቺዓለም፣ ምንም ሳትፈራ። “መምህሬ መጣች።”

ደብተሩን መልሼ አየሁት። እናቷ ሞታለች፤ ደብተሩ ይላል። የሞተች ናት፤ አክስቴ ትላለች። ልጅቷ ግን እማ ብላ ትጠራታለች።

“እንዴት አደርሽ የኔ ዓለም” አለች ሴትዮዋ፤ ስሟ ውበቴ ነው። ንፍሮ የያዘ ሳህን ዘረጋችልኝ። “በይ ያዢ፣ ብርዱን ያስረሳሻል።”

“ጾም ነኝ” አልሁ።

“ፍልሰታ እኮ ገና ነው።” ፈገግ አለችና ሳህኑን ቀስ ብላ ወደ ራሷ መለሰችው። “ይሁን። ጾም ላለ ሰው ጾም አይጠፋም።”

ያን ፈገግታ ስንት ሰው ላይ ፈገግ ብላው እንደነበር ዛሬ መገመት አያቅተኝም።

ከዚያን ቀን ወዲያ ምልክቶች መፈለግ ጀመርሁ፤ ለሚፈልግ ሰው ምልክት አይጠፋም። ውኃ ለመቅዳት የሚያልፉ ሴቶች ከበሯ ላይ ቆማ እያዩዋት ሰላም ሳይሏት ይሄዳሉ። ታዘበው ሲመጣ በእሷ ራስ ላይ አሻግሮ ከልጅቷ ጋር ብቻ ያወራል። አብራን አትበላም። ኩባያዋ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ከሌሎቹ ተለይቶ ከምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል፤ እኔም የሙታን ዕቃ ከሕያዋን ጋር አይቀላቀልም ማለት ነው አልሁ። ክሩን ያሰረችው ራሷ ውበቴ ናት። ያደረባት በሽታ በኩባያ እንደማይተላለፍ የነገራት ሰው ስላልነበረ፣ ልጇ ተሳስታ እንዳትጠጣበት ነበር።

ቢቸና ሳለሁ የዴስክ ጓደኛዬ አየሁሽ አንድ ነገር አውርታኝ ነበር። መሞቱን ያላወቀ ሰው ካገኘሽ እንዳትነግሪው፤ የነገርሽው ቀን እጅሽን ይዞ አብሮሽ ይሄዳል። አየሁሽ ይህን የነገረችኝ ማስቲካ እያኘከች ነው። እኔ ግን ሞጣ ላይ፣ ያንን ጉም አቋርጬ በሄድሁ ቁጥር፣ ቃል በቃል እደግመው ነበር።

ታዲያ ለምን መሄዴን አልተውሁም? መዝገበ ቃላቱ አንዱ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ባንቺዓለምን ከሞተች ሴት ቤት የማወጣት እኔ ነኝ ብዬ ቆርጬ ነበር። እኔ ባስተማርኋት ልክ ታልፋለች፤ ካለፈች ፀሐይ ወደሚገባበት፣ መኝታው ወደ ተደረደረበት፣ ሕያዋን ወደሚኖሩበት ቤት ትሄዳለች። ስለዚህ በርትቼ አስተማርሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ፤ “ቴል አስ አባውት ዩር ማዘር” ባልኋት ቁጥር ልጅቷ ማዘር የምትለዋን ቃል ስትሰማ ጣቷን ወደ ጆንያው ትቀስራለች። ጣቷን ይዤ አወርደዋለሁ። እንደገና እጠይቃታለሁ፤ እንደገና ትቀስራለች። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ጣቷ ጉልበቷ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ለመደ፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ያለ አንዳች ስሜት፣ ጥርት አድርጋ መለሰች። ከጆንያው በስተጀርባ ያለው ትንፋሽም አብሯት ጥርት እያለ ሄደ።

ነሐሴ ከገባ በሦስተኛው ቀን በረዶ ዘነበ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ መደማመጥ ስላልቻልን ትምህርቱን አቋረጥን። ውበቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ የባንቺዓለምን ፀጉር ትሠራ ነበር፤ እኔ በሩ ሥር ቆሜ በረዶው እስኪያባራ እጠብቃለሁ። ሲያባራ ቤቱ ውስጥ ድንገተኛ ጸጥታ ወረደ።

“መምህሯ” አለች ውበቴ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ?”

“ይጠይቁ።”

“ይች ስድስተኛዋ ምን ትላለች?”

ደብተሩን ከደንሁት።

“ማዘር እናት እንደሆነች አውቃለሁ፤ የመናኸሪያ ልጆች ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የጠፋችብኝ ኋላ ያለችዋ ናት። የአባቷም መልስ በእሷው ነው የሚያልቀው።” ጸጉሩን መሥራቷን ተወችው። “አባቷ እኮ ሞቷል። የእሱና የእኔ መጨረሻ እንዴት አንድ ሆነ?”

ባንቺዓለም ከእናቷ ጉልበት መካከል ሆና ወደ እኔ ቀና አለች። ውበቴ እጇን ከካፖርቱ አውጥታ እጄን ያዘችኝ። እጇን ያየሁት ያን ጊዜ ገና ነው፤ ቀጭን፣ እንደ በረዶው የቀዘቀዘ።

“ንገሪኝ እንጂ። ታዘበው ነገ ልውሰዳት ይለኛል። ሆዴ እምቢ ብሎኝ እስከ ዛሬ እሺ አላልሁትም። የማላውቀውን ነገር አሸክሜ ልጄን አልሰድም።”

አየሁሽ ያለችው ሁሉ ትዝ አለኝ። እጄ ተይዟል። የቀረው መናገር ብቻ ነው።

“መውደድ ማለት ነው” አልሁ። “አባቴ ይወደኝ ነበር። እናቴ ትወደኛለች።”

ዓይኖቿ ፊቴን ቀስ ብለው መረመሩት። ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ጣቶቿ ሲላሉ ተሰማኝ።

“ሁለታችንም?”

“አዎ።”

“ፈረንጆቹ ይህን ብለው ነው የሚጠይቋት? ማን እንደሚወዳት?”

“ከሁሉም አስበልጠው የሚጠይቁት እሱን ነው።”

ሳቀች። ውበቴ ስትስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነበር። “እንግዲያማ ደግ ሰዎች ናቸው” አለችና ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። “ሰማሽ? ስድስተኛዋን እንዳትረሻት፤ ሌላው ቢጠፋሽም ግድ የለም።”

“አልረሳትም እማ” አለች ባንቺዓለም።

ታዘበው ያን ዕለት ማታ እሺታዋን ተቀበለ። ለእሷ የነገራት ልጅቷ ለገናና ለፋሲካ እየመጣች እንደምታያት ነው። ለቀበሌ የነገረው ሌላ ነበር፤ ልጅቷ ወላጅ እንደሌላት ሦስት ሰዎች አስመስክሮ ወረቀቱን ጨርሷል። ለውጭ አገር ቤተሰብ በጉዲፈቻ ልትሰጥ እንደሆነ ከእሱ በቀር ሞጣ ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁላችንም መናኸሪያ ነበርን። ጉሙ አውቶቡሱን እስከ መስኮቱ ውጦት ከላይ ያሉት ፊቶች ብቻ ይታዩ ነበር። ውበቴ ካፖርቷን ለብሳ ከሰዉ ተነጥላ ቆማለች። ሞተሩ ሲነሣ ባንቺዓለም ራሷን በመስኮት አወጣችና፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ እየሳቀች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

“ማይ ማዘር ኢዝ ዴድ!”

“አቤት እንግሊዝኛ!” አለ ረዳቱ። “ከአሁኑ ፈረንጅ ሆናለች እኮ!” ተሳፋሪዎቹ ሳቁ፤ አንዳንዶች አጨበጨቡ። ውበቴ ሁለት እጆቿን ከካፖርቱ አውጥታ ወደ መስኮቱ እያነሣች ያንኑ መለሰችላት፤ “ማይ ማዘር ኢዝ ዴድ፣ ማይ ማዘር ኢዝ ዴድ” እያለች፣ አውቶቡሱ ጉሙ ውስጥ እስኪሰወር። እኔ ተንፈስ አልሁ። ልጅቷን ከሟቿ እጅ አውጥቻታለሁ።

መዝገበ ቃላቱ በሳምንቱ ደረሰኝ። ታዘበው ቃሉን ጠብቋል።

እውነቱ በአንድ ቀን አልተገለጠልኝም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ አንዲት ነርስ፣ ሰው ሳይሞት “የሞተ ነው” ስለሚባልበት ዘመን ስታስረዳን፣ ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ ትዝ አለኝ። በዚያው ዓመት አክስቴ ቢቸና መጥታ ለእናቴ ስታወራ ሰማሁ። መድኃኒቱ ሞጣ ደርሷል፤ ውበቴ ወፍራለች፤ ልጇ ግን ባሕር ማዶ ተሻግራለች ይባላል፤ ታዘበውም ከአገር ጠፍቷል። በሁለት ሰዓት ሞጣ የሚያደርስ አውቶቡስ ነበር። አልተሳፈርሁም። ፈተና ነበረብኝ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ፈተና ነበረብኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አጠናሁ፤ እዚያም አንደኛ ወጣሁ። ስለ እውነትና ስለ ፍትሕ በክርክር መድረክ ስንት ጊዜ ተናገርሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ሴት ሞጣ ላይ የእኔን ትርጉም ይዛ ትኖር ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ መከልከሉን በሬዲዮ ሰማሁ። ቢቸና ላይ ማስተማር በጀመርሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ ሞጣ ወረድሁ።

ያችው ቤት ነበረች፤ አሁን መስኮት ወጥቶላታል። ውበቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትለቅማለች። ጸጉሯ በቅሏል፤ ጉንጯ ሞልቷል። ስታየኝ ዓይኗን አጥብባ ቆየች።

“መምህሯ?”

“እኔ ነኝ እትዬ ውበቴ።”

“አድገሽ! ግቢ እንጂ፣ ግቢ።” እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሳመችኝ። እጇ ይሞቃል። “ጾም ነኝ እንዳትይኝ ደግሞ!”

ስለ ልጇ የነገረችኝ ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ናት ሲላት የቆየው ታዘበው፣ በኋላ ከዚያ የሚሻል ትምህርት ቤት ውጭ አገር ተገኘላት ብሎ አንድ የልጇን ፎቶግራፍ አምጥቶላታል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም፣ ሰው የለም፣ ድምፅ የለም። ከሄደች አሥራ ሦስት ዓመት።

“ረሳችኝ” አለች፣ ሽንኩርቱን እያገላበጠች። “አልቀየማትም። ሕፃን ነበረች። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ስድስተኛዋን እላታለሁ፤ እሷ ብትረሳኝ እኔ ልበላት ብዬ።” ደግሞም አለችው፤ በሁለታችን መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ባስተማርሁት አነጋገር፣ አንድም ፊደል ሳይዛነፍ።

ነገርኋት። ደብተሩ ላይ የተጻፈውን፣ ያን ቀን የፈራሁትን፣ ቃሉ በእውነት ምን ማለት እንደሆነ። ሳላለቅስ ለመናገር ሞከርሁ፤ ማልቀስ የእኔ ድርሻ መስሎ አልታየኝም።

ውበቴ ሽንኩርቱን ማገላበጥ ተወች። ይቅር ትለኛለች ወይም ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ስለ እኔ እያሰበች አልነበረም።

“እንግሊዝኛ ተምራለች አይደል፣ ከእነሱ ጋር ስትኖር?”

“ተምራለች።”

“እና ገብቷታል፣ ምን ስትል እንደነበር።”

“ይገባታል።”

“ታዲያ” አለች፣ ድምፅዋ ቀስ በቀስ እየተነሣ፣ “ታዲያ ልጄ አልረሳችኝም። እናትሽ ሞታለች ተብላ ነው።” ሽንኩርቱ ከጭኗ ላይ ተንከባለለ። “ሞታለች ተብላ ነው እንጂ! ለሞተ ሰው ማን ይጽፋል?” ብድግ አለች። “ወረቀት አለሽ? ጻፊ። በእነሱው ቋንቋ ጻፊ።”

የጉዲፈቻ መዝገቦች አዲስ አበባ የሚገኙ መሆናቸውን፣ ደብዳቤውን ራሴ እዚያ እንደምወስደው፣ ልጅቷ መገኘቷን ግን ማንም እርግጠኛ ሊሆን እንደማይችል ነገርኋት። “ጻፊ” አለችኝ እንደገና። እሷ በአማርኛ ያለችኝን በእንግሊዝኛ አሰፈርሁት። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው፤ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው፤ ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ።

“ቆይ” አለችና ወጣች።

ተከትያት ሄድሁ። ዘይዳ ሱቋ ውስጥ ስኳር ትመዝን ነበር። ውበቴ ወረቀቱን በሚዛኑ አጠገብ ዘረጋችላት።

“ዘይዳ፣ እህቴ፣ ይህ ምን ይላል?”

ዘይዳ አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ወረቀቱ ተመለከተች። “ይች ልጅ የጻፈችው አይደለም እንዴ? እሷን አትጠይቂያትም?”

“አንችን ነው የጠየቅሁ።”

ዘይዳ እጇን ጠርጋ ወረቀቱን አነሣች። እኔ ከበሩ ሥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ ፈተናዬን ሌላ ሰው ሲያርመው ቆሜ ጠበቅሁ።

“‘ልጄ ባንቺዓለም’ ይላል። ‘እኔ እናትሽ ውበቴ ነኝ። አልሞትሁም። ሞጣ ነኝ።’”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለውም።”

ውበቴ የሱቁን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

“እንደገና አንብቢልኝ” አለቻት።